በገመድ ዛፍ መውጣት፦ የዛፍ እንክብካቤ ሠራተኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዛፍ ለመግረዝ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ለማውረድ ወይም የታመመ ግንድ ቀርቦ ለማየት በገመድ የሚወጡ ሠራተኞች፣ በተለይም ሥራውን በመማር ላይ ያሉት፣ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «እንዴት ቶሎ ልውጣ?» ከሚለው ነው። ዓመታት በገመድ ላይ ያሳለፈ ሰው ግን በቅድሚያ የሚጠይቀው ክብደቱ በየትኛው ባላ ላይ እንደሚያርፍና ገመዱ በምን ተይዞ እንደሚቆም ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ፍጥነቱ ከልምምድ ጋር ይመጣል። የሚከተሉት መልሶችም ይበልጥ የሚያተኩሩት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው። ንባብ በአሠልጣኝ ፊት፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ የሚደረግን ልምምድ እንደማይተካ ግን ከወዲሁ ሊታወቅ ይገባል።

መሰላልና የእግር ሹል ብረት እያለ ገመድ ለምን ያስፈልጋል?

መሰላል የሚያደርሰው የታችኞቹ ቅርንጫፎች ዘንድ ነው። ከዚያ በላይ ሠራተኛው ሁለቱንም እጆቹን ለመጋዙ ነፃ ማድረግ ስለሚኖርበት የሰውነቱን ክብደት የሚሸከምለት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። በጫማ ላይ የሚታሰረውና ግንዱን እየወጋ የሚያስወጣው ሹል ብረት በእርግጥ ከፍ ያደርጋል፤ ዳሩ ግን በየእርምጃው ቅርፊቱን እየበሳ ካምቢየም የሚባለውን፣ ከቅርፊቱ ሥር የሚገኘውንና ግንዱ እንዲወፍር የሚያደርገውን ስስ ሕያው ሽፋን ያቆስላል። ዛፍ የቆሰለውን ክፍል እንደ ሰው ቆዳ አድሶ አይተካውም፤ በዙሪያው አዲስ እንጨት አብቅሎ ይሸፍነዋል እንጂ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ እስኪሸፈን ድረስም ለፈንገስ መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ ሹሉ ብረት ተቆርጦ ለሚወገድ ዛፍ፣ ወይም እላይ የተጎዳን ሰው ለማዳን ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ የሚውል መሣሪያ ነው። እንዲኖር ለሚፈለግ ዛፍ ገመዱ ይሻላል።

ከመውጣቴ በፊት ዛፉን እንዴት ልመርምር?

ምርመራው ከርቀት ይጀምራል። ከዛፉ ቁመት ባላነሰ ርቀት ላይ ቆመው ሲያዩት አክሊሉ፣ ማለትም ቅርንጫፎቹና ቅጠሎቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል፣ በአንድ ጎን ሳስቶ፣ ጫፎቹ ደርቀው ወይም ግንዱ በቅርቡ ዘንበል ብሎ ከሆነ ይታያል። ቀጥሎ ወደ ሥሩ ቀርቦ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል፤ በአንድ ወገን የተሰነጠቀ ወይም ከፍ ያለ አፈር ሥሮቹ እየተነቀሉ መሆናቸውን ሊጠቁም ይችላል፣ ከግንዱ ግርጌ የበቀለ እንጉዳይም ብዙ ጊዜ ውስጡ እየበሰበሰ መሆኑን ይናገራል። ግንዱን በመዶሻ ወይም በመጋዝ እጀታ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ጥንታዊ ግን ጠቃሚ ዘዴ ነው። ጤነኛ እንጨት ጠንካራና አጭር ድምፅ ሲሰጥ ባዶ የሆነው ደግሞ እንደ ከበሮ ያስተጋባል።

የሁለት ግንዶች መጋጠሚያ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። በመካከላቸው ያለው ቅርፊት ወደ ላይ ተገፍቶ ጎላ ያለ መስመር ከሠራ መጋጠሚያው በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ከገባ ግን ሁለቱ ግንዶች ተጠጋግተው ቆሙ እንጂ በእንጨት አልተያያዙም። እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ ለመንጠልጠያ፣ ማለትም ገመዱ እላይ ለሚያርፍበት ቦታ፣ መምረጥ በፍጹም አይገባም። ንብ፣ ተርብና ተንጠልጥሎ የቀረ የተሰበረ ቅርንጫፍም መታየት ያለባቸው በዚሁ ሰዓት ነው፤ እላይ ከተደረሰ በኋላ የተርብ ጎጆ ማግኘት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ሁለተኛ ሳያይ አይወጣም።

ገመዱ እላይ የሚደርሰው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ የሚወረወረው ቀጭን ክር ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አንሸራታች ክር፣ ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከ225 እስከ 450 ግራም ከሚደርስ ትንሽ የውርወራ ከረጢት ጋር ይታሰራል። ከረጢቷ በተመረጠው ባላ ላይ አልፋ በሌላው ወገን ስትወርድ ክሩ በምላሹ ዋናውን ገመድ ጎትቶ ያሳልፋል። ቀለል ያለችው ከረጢት ከፍ ብላ ለመሄድ ትመቻለች፤ ሸካራ ቅርፊት ባለው ዛፍ ላይ ግን ክሩ ስለሚይዝ ከባዷ ካልሆነች በራሷ አትወርድም።

ውርወራው የትከሻ ጉልበት አይጠይቅም። ከረጢቷ በሁለት እግሮች መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዝና ዓይን ከባላው ላይ ሳይነሳ ትለቀቃለች። ክሩ ቀደም ብሎ ሳጥን ወይም ሰፊ ጨርቅ ውስጥ ሳይወሳሰብ መቀመጥ አለበት። ክሩን በእጅ ላይ መጠምጠም አይገባም።

ከረጢቷ ከተሰነቀረች መላው ክሩን ላላ አድርጎ በትናንሹ መነቅነቅ ነው። አንድ ጊዜ ተናድጄ በሙሉ ክብደቴ ስጎትት፣ የታጠፈው ጭራሮ ተስፈንጥሮ ከረጢቷን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ መለሰልኝና የራስ ቁሬን መታችው። ከዚያ ወዲህ የራስ ቁርና የዓይን መከላከያ ማድረግ የምጀምረው ከመውጣቴ በፊት ሳይሆን ከመወርወሬ በፊት ነው።

መንጠልጠያውን ምን ዓይነት ባላ ላይ ላድርግ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ፣ ቋጠሮውም፣ ካራቢነሩም (በር ያለው የብረት ማያያዣ ቀለበት)፣ ሠራተኛው በወገቡና በጭኑ የሚታጠቀው መታጠቂያም፣ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተመራጩ ባላ ጤነኛና ወፍራም የሆነ ቅርንጫፍ ከዋናው ግንድ የሚወጣበት፣ ገመዱም ግንዱን ራሱን ታክኮ የሚያልፍበት ቦታ ነው። በዚህ ሁኔታ ጭነቱ ግንዱን ቁልቁል ወደ ሥሩ ይጫነዋል፤ እንጨት ደግሞ በርዝመቱ ሲጫኑት ብርቱ ነው። ገመዱ ከግንዱ ርቆ በቅርንጫፉ መካከል ላይ ካረፈ ግን ያው ክብደት ቅርንጫፉን እንደ ማንሻ ያጎብጠዋል፤ ከግንዱ በራቀ ቁጥርም መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። በልምድ የሚነገረው መነሻ በጤነኛና ጠንካራ እንጨት ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ነው፤ ይህ ግን የዛፉን ዓይነት ሳያዩ የሚከተሉት ሕግ አይደለም። እንጨታቸው ተሰባሪ የሆኑ ዝርያዎች ከዚህ በእጥፍ ቢወፍሩም እምነት አይጣልባቸውም።

ከመሬት ሆኖ የተመረጠ ባላ መፈተን አለበት። ገመዱ ካለፈ በኋላ ሁለት ሰዎች በአንድነት ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ቀስ በቀስ ክብደታቸውን ይጥላሉ፣ ከዚያም ትንሽ ይወዛወዛሉ። በዚህ ጊዜ ዓይን ባላው ላይ፣ ጆሮ ደግሞ ለስንጥቅ ድምፅ ክፍት ሊሆን ይገባል፤ የሚቆሙትም ባላው ቢሰበር በማይወድቅባቸው ቦታ ነው። ፈተናው ያረጋገጠው ባላው በዚያ አቅጣጫ የመጣን የሁለት ሰው ክብደት መሸከሙን ብቻ ነው። ሠራተኛው እላይ ሆኖ ወደ ጎን ሲሄድ የገመዱ አቅጣጫ ስለሚለወጥ፣ እዚያ እንደ ደረሰ ባላውን በዓይኑና በእጁ መርምሮ ካላመነበት የወገብ ገመዱን (ሠራተኛውን ከዛፉ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ገመድ) አስሮ መንጠልጠያውን ወደ ተሻለ ቦታ ማዛወር አለበት።

የሚንቀሳቀስ ገመድና ቋሚ ገመድ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

በሚንቀሳቀሰው ገመድ ዘዴ ገመዱ በባላው ላይ ያልፍና ሁለቱም ወገኖች ወደ ሠራተኛው ይመለሳሉ፤ አንዱ ጫፍ በመታጠቂያው ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ደግሞ ኋላ የምናየው የሰበቃ ቋጠሮ ይይዘዋል። ሠራተኛው ሲወጣ ገመዱ ራሱ በባላው ላይ ይንሸራተታል። ክብደቱ ለሁለቱ ወገኖች ስለሚከፋፈል ራሱን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል በሐሳብ ደረጃ ግማሽ ነው፤ በምላሹ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 2 ሜትር ገመድ መሳብ አለበት። በተግባር ግን ገመዱ በቅርፊት ላይ ሲሻሽ ከዚያ ጥቅም ብዙው ይባክናል፣ ቅርፊቱም ይላጣል። በሁለት ጫፎቹ ቀለበት ያለው የቅርፊት መከላከያ ማሰሪያ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ገመዱ በቀለበቶቹ ውስጥ ስለሚያልፍ ዛፉም ገመዱም ይጠበቃሉ፣ የሰበቃው መጠንም ከዛፍ ዛፍ አይለዋወጥም።

በቋሚው ዘዴ ገመዱ በአንድ በኩል ይታሰርና አይንቀሳቀስም፤ ሠራተኛው ነው በገመዱ ላይ እንደ ደረጃ የሚወጣው። አንድ መያዣ በእግሩ ጫማ፣ ሌላ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለሚራመድ ሥራው ከክንድ ወደ እግር ጡንቻ ይዞራል። ዘዴው ከዋሻ አሳሾችና ከተራራ ወጪዎች የመጣ ሲሆን፣ ለረጅም ዛፍ ድካሙን በእጅጉ ይቀንሳል። 25 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ባላ ዘንድ በሚንቀሳቀስ ገመድ ለመድረስ 50 ሜትር ገመድ በእጅ መሳብ እንደሚያስፈልግ ያሰላ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ሰፊና አጭር አክሊል ባለው ዛፍ ውስጥ፣ ወዲያ ወዲህ እየተባለ በሚገረዝበት ጊዜ ግን የሚንቀሳቀሰው ገመድ አሁንም ተመራጭ ነው፤ ለጀማሪም መጀመሪያ እሱን መማር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ ቶሎ ይታያል፣ የሚጠይቀው መሣሪያም ጥቂት ነው።

ቋሚውን ገመድ ከግንዱ ግርጌ ልሰረው ወይስ እላይ?

ከግርጌ ማሰር ፈጣን ነው፤ በተገቢው መሣሪያ ከታሰረም መሬት ላይ ያለው ባልደረባ የተጎዳን ሰው ከታች ሆኖ ማውረድ ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ጭነቱ ነው። ከነመሣሪያው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንዱ ወገን ሲንጠለጠል በግርጌ የታሰረው ሌላው ወገን ሚዛኑን ለመጠበቅ በእኩል ኃይል ስለሚወጠር፣ ባላው ላይ የሚያርፈው እስከ 180 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የቅርፊቱ ሰበቃ ይህን በመጠኑ ይቀንሰዋል፣ ግን በዚያ ላይ መተማመን አይገባም። ሁለተኛው፣ የሰውየው ሕይወት የተንጠለጠለበት ገመድ መጋዝ በሚሠራበት፣ እንጨት በሚጎተትበት መሬት አጠገብ መሆኑ ነው። ስለዚህ በግርጌ ያለው ማሰሪያ ከሥራው ወገን ተቃራኒ ይደረጋል፣ ሁሉም እንዲያየውም ምልክት ይደረግበታል።

እላይ ባላው ላይ በሚሳብ ሸምቀቆ የታሰረ ገመድ የሚሸከመው የሰውየውን ክብደት ብቻ ነው። ጉዳቱ ከመሬት ማውረድ አለመቻሉ ነው።

የሰበቃ ቋጠሮ እንዴት ይሠራል? በየትኛውስ ልጀምር?

የሰበቃ ቋጠሮ በሌላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም፣ ክብደት ሲያርፍበት ጨምድዶ የሚይዝ፣ ከላይ በእጅ ሲጫኑት ደግሞ ለቀቅ የሚል ቋጠሮ ነው። ጭነቱ ጥምጥሞቹን ስለሚያጠብቃቸው ሰበቃው ይጨምራል፣ ሰበቃው ደግሞ መንሸራተትን ያቆማል። ከእነዚህ የመጀመሪያው ዝነኛ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀውና በስሙ የሚጠራው ነው። ፕሩሲክ አጥብቆ ይይዛል፤ ክብደት ካረፈበት በኋላ ግን ለማላላት ስለሚያስቸግር ለዘወትር መውረጃ አይመችም።

ለጀማሪ የምመክረው በጄሰን ብሌክ ስም የሚጠራውን ነው። ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1994 ለዛፍ ሠራተኞች ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ፕሮሃስካ ከዚያ ቀደም ብሎ ገልጾት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የገመዱ ጫፍ በዋናው ገመድ ላይ ከታች ወደ ላይ አራት ጊዜ ይጠመጠማል፤ የታችኞቹ ሁለት ጥምጥሞች በአውራ ጣት ላይ ላላ ተደርገው ይያዛሉ። ከዚያም ጫፉ ወደ ታች ተመልሶ ክብደቱን በሚሸከመው ወገን ፊት ያልፋል፣ ከዋናው ገመድ በስተኋላ ይዞራል፣ አውራ ጣቱ በነበረበት በታችኞቹ ሁለት ጥምጥሞች ሥር ገብቶ ይወጣል። አውራ ጣቱ ይነሳና ቋጠሮው በእጅ ይጠባበቃል፤ በተረፈው ጫፍ ላይ ደግሞ እንዳይሾልክ ማቆሚያ ቋጠሮ ይታሰራል። በትክክል ከተሠራ ሁለቱ የላይኛ ጥምጥሞች ለብቻቸው፣ ሁለቱ የታችኞቹ ደግሞ ጫፉን አቅፈው ይታያሉ። እንዲህ ካልሆነ ተፈትቶ ከመጀመሪያው ይሠራል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ መያዙን ሳያረጋግጡ መውጣት አይገባም፤ ይህ ለጀማሪ ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም፣ ገመድ በተለወጠ፣ በረጠበ ወይም ባረጀ ቁጥር ቋጠሮው ጠባዩን ይለውጣል።

ልምድ ሲመጣ በተለየ አጭር ገመድ የሚሠሩ፣ ቫልዶታን ትሬስ፣ ዲስቴልና ሚቾአካን የመሳሰሉ ቋጠሮዎች ይከተላሉ። ከሥራቸው ትንሽ መዘውር ሲደረግ በአንድ እጅ ወደ ላይ መግፋት ስለሚቻል ሥራውን ያፋጥኑታል። በቋጠሮ ፈንታ የሚያገለግሉ የብረት መሣሪያዎችም አሉ፤ ምቹዎች ናቸው፣ ግን አምራቹ ከጠቀሰው የገመድ ውፍረት ውጭ ሊያንሸራትቱ ወይም ጭራሽ ሊጨመድዱ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሚንቀሳቀስ ገመድ ላይ በሚገባ የሚሠራ ቋጠሮ በቋሚ ገመድ ላይ ብቻውን አይሠራም። በመጀመሪያው ዘዴ ቋጠሮው የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ሲሆን፣ በሁለተኛው ሙሉውን ስለሚሸከም ይጨመድዳል፣ በኃይል ሲለቀቅም ይቃጠላል። ከቋጠሮው በላይ ገመዱን በማጠፍ ከሰበቃው ከፊሉን የሚወስድ መሣሪያ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በፍጥነት መውረድ ገመዱን ይጎዳል?

አዎን። ፖሊስተርና ናይለን ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣሉ፤ በፍጥነት የሚወርድ ሰው ቋጠሮ ደግሞ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጣም ይግላል። ከተቃጠለ ቋጠሮው የነካው ገጽ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅና ደረቅ ይሆናል፤ ይህን ያየ ሰው ያንን ክፍል ቆርጦ ሊጥለው ይገባል። በጥንካሬው የተመሰገነው የፖሊኢትሊን ክር በ150 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ለሰበቃ ቋጠሮ አይሆንም። አራሚድ ያለበት ክር ግን ሳይቀልጥ ብዙ ሙቀት ስለሚችል ለዚሁ ሥራ ተመራጭ ነው። ረጋ ብሎ መውረድ ከሁሉም ይረክሳል።

ገመድና ካራቢነር ምን ያህል ጥንካሬ ሊኖራቸው ይገባል?

ለመውጫ የሚያገለግሉ ገመዶች ውፍረታቸው በአብዛኛው ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደህንነት መስፈርት መሠረት የመውጫ ገመድ ቢያንስ 5,400 ፓውንድ፣ ማለትም 24 ኪሎ ኒውተን ያህል መሸከም አለበት። በአውሮፓ አነስተኛ የመለጠጥ ባሕርይ ላላቸው ገመዶች በወጣው መስፈርት የመጀመሪያው ደረጃ ገመድ 22 ኪሎ ኒውተን ይጠየቃል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል የሚያሳርፈው 1 ኪሎ ኒውተን ገደማ ስለሆነ ይህ የተጋነነ ይመስላል። ግን ቋጠሮ ራሱ ገመዱን በጠባብ ስለሚያጥፈው እንደ ዓይነቱ ከጥንካሬው ሲሶ ያህሉን ሊወስድ ይችላል፤ እርጅና፣ አሸዋ፣ ፀሐይና ድንገተኛ መውደቅ ሲጨመሩበት ትርፉ ቶሎ ያልቃል።

ካራቢነር በራሱ የሚቆለፍና ለመክፈት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን የሚጠይቅ መሆን አለበት። በመጠምዘዝ ብቻ የሚዘጋው በገመድ ሲታሽ ተፈትቶ ይገኛል። ካራቢነር ኃይሉ ያለው በርዝመቱ ነው፤ ዞሮ በጎኑ ወይም በበሩ ላይ ጭነት ካረፈበት የተጻፈለት ቁጥር አይሠራለትም። የገዙትን የጌጥ ማንጠልጠያ ለዚህ ሥራ ማዋል እንደማይቻል መናገር የማያስፈልግ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ሠልጣኝ የቁልፍ መያዣ ይዞ ሲመጣ ግን ተሳስቼ እንደነበር ገባኝ።

ከግንዱ ርቄ በቅርንጫፍ ላይ እንዴት ልሂድ?

ምስጢሩ ገመዱ ክብደቱን እንዲሸከም መተው ነው። ጀማሪ ቅርንጫፉን በእጆቹ አቅፎ ይንፏቀቃል፤ የለመደ ሰው ግን ወደ መንጠልጠያው ፊቱን መልሶ፣ መታጠቂያው ላይ ወደ ኋላ ተቀምጦ፣ እግሮቹን በቅርንጫፉ ላይ እየጎተተ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ገመዱ ሁልጊዜ የተወጠረ ይሁን፤ የላላ ገመድ ማለት የተዘጋጀ ውድቀት ነው።

የመንጠልጠያው ከፍታ እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። መንጠልጠያው ከፍ ካለ ገመዱ ከሠራተኛው በላይ ቀና ብሎ ይቆማል፤ ዝቅ ካለ ግን ወደ ጎን ይጋደማል፣ ያንሸራተተው ሰውም እንደ ፔንዱለም ወደ ግንዱ ይወነጨፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 7 ሜትር ገመድ ከቀጥታው መስመር በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ሳለ እግር ቢስት፣ ሰውየው ከቅስቱ ዝቅተኛ ነጥብ ሲደርስ 2 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ፍጥነት ግንድ መምታት አጥንት ይሰብራል። መፍትሔው ከፍ ያለ መንጠልጠያ፣ ካልተገኘ ገመዱን በሌላ ባላ ላይ አሳልፎ አቅጣጫውን ማስተካከል፣ በሥራው ቦታ ሲደርሱም የወገብ ገመዱን ወዲያው ማሰር ነው።

እላይ በሞተር መጋዝ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን መሬት ላይ መጋዙን በሚገባ የተካነ፣ በገመድም ላይ በእጅ መጋዝ ብዙ የሠራ ሰው ብቻ ነው ይህን ሊሞክር የሚገባው። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች፣ ማለትም በመውጫ ገመዱና በወገብ ገመዱ መያዝ አለበት። የተወጠረ ገመድ የሚዞር ሰንሰለት ሲነካው ይቅርታ አያውቅም፣ በቅጽበት ይበጠሳል። የወገቡ ገመድ ውስጡ ሽቦ ያለበት ቢሆን እንኳ መቆረጡን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም። መጋዙ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀሱ የሰንሰለቱ ፍሬን ይያዛል ወይም ሞተሩ ይጠፋል። የእጅ መጋዝ የሚበቃውን ቅርንጫፍ በሞተር ለመቁረጥ የሚቸኩል ሰው የሚያተርፈው ደቂቃ እምብዛም ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለን ዛፍስ?

በመስመር አጠገብ ለመሥራት የተለየ ሥልጠና የሌለው ሰው፣ ራሱም፣ የያዘው መሣሪያም፣ የሚቆርጠው ቅርንጫፍም ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው፤ የቮልቴጁ መጠን ከፍ ሲል ርቀቱም ይጨምራል። እርጥብ ገመድና እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከዚህ ርቀት ውስጥ የሚገባ ሥራ ካለ ኃይሉን ለሚያስተዳድረው ክፍል አስታውቆ ማስጠፋት እንጂ «እጠነቀቃለሁ» የሚባልበት ነገር የለም።

ሠራተኛው እላይ ሳለ ቢጎዳ ምን ይደረጋል?

መልሱ ከመውጣቱ በፊት የተዘጋጀ መሆን አለበት። ብቻውን ዛፍ የሚወጣ ሰው ሊኖር አይገባም፤ መሬት ላይ ያለው ባልደረባም መውጣትና ሰው ማውረድ የሚችል፣ የራሱ መታጠቂያና ገመድ ተዘጋጅቶለት በእጁ አቅራቢያ ያለ መሆን አለበት። መሣሪያው መኪና ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ደግሞ እላይ ባለው ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ አይቻለሁ፤ ደግነቱ ልምምድ ነበር።

ራሱን ስቶ በመታጠቂያ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሮቹ ስለሚከማች ቁስል ባይኖርበት እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ለአደጋ ይጋለጣል። አዳኙ በመጀመሪያ የሚያየው ራሱን ነው፦ የጎዳው ነገር ኤሌክትሪክ፣ ንብ ወይም የተሰነጠቀ ግንድ ከሆነ ያው ነገር ይጠብቀዋል። ከዚያ እርዳታ እየተጠራ ይወጣል፣ የተጎዳውን ከራሱ መታጠቂያ ጋር ያገናኛል፣ የወገብ ገመዱን ይፈታለታል፣ አብሮት በቀስታ ይወርዳል። መሬት ላይ እንደ ደረሱ የመተንፈሻ አካሉን ክፍት አድርጎ ማስተኛት፣ መድማት ካለ ማቆም ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ቢያንስ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ሰዓት እየተያዘ ሊለማመዱት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው የዛፍ መውጣት ውድድር ውስጥ ሰው የማዳን ፈተና ከዋናዎቹ አንዱ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

ገመዱንና መታጠቂያውን መቼ ልጣል?

ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን በፊት ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶች መካከል እየተሳበ ይመረመራል። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል፤ በሽፋኑ ሥር ድንገት የሚቀጥን ወይም የሚያብጥ፣ ሲታጠፍ እንደ ቀሪው ሳይዞር እጥፍ ብሎ የሚቀር ቦታ ካለ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። የተቆረጠ ሽፋን፣ የቀለጠ ገጽ፣ ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ የነካው ክፍል፣ ከባድ ውድቀት የተሸከመ ገመድ፣ የተፈታ የመታጠቂያ ስፌት ሁሉም ከሥራ ይወጣሉ። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት ሰው የሚያነሱ መሣሪያዎች ቢያንስ በየ6 ወሩ ብቃት ባለው ባለሙያ ይመረመራሉ፤ እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገርም ልማዱን መከተል ያዋጣል። ብዙ አምራቾች ከጨርቅና ከክር ለተሠሩ መሣሪያዎች ከተመረቱበት ቀን ጀምሮ ከ10 ዓመት የማያልፍ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ይህ የመጨረሻው ገደብ ነው እንጂ የተሰጠ ዋስትና አይደለም፣ በየቀኑ የሚሠራበት ገመድ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ያልቃል።

ገመዱ የሚታጠበው በለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ሲሆን የሚደርቀው በጥላ ነው። ከሥራ የወጣው ገመድ በመጋዘን ጥግ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አንድ ቀን የቸኮለ ሰው አንሥቶ ይወጣበታል፤ ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ቁርጥራጭ ይቆራረጣል።